ከቀፎዬ ሥር የወደቁት ንቦች

ሱሉልታ ቤት ሠርተን በገባን በሁለተኛው ዓመት ጓሮዬ ውስጥ አንድ የንብ ቀፎ አስቀመጥኩ። የቢሮ ሰው ነኝ፤ ስለ ንብ የማውቀው ማሩን ብቻ ነበር። ቀፎውን ከነንቦቹ የሸጡልኝ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ እንደጀመረ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቀፎው ሥር ሃያ የሚሆኑ ንቦች ሞተው አገኘሁ። እሑድ ጠዋት ደግሞ ብሰው ጠበቁኝ። አንዳንዶቹ ገና አልሞቱም፤ እርጥቡ ሣር ላይ ይንፈራገጣሉ። ለንብ እንደዚያ አዝናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ባለቤቴ በመስኮት አይታኝ፣ «ሰው የሞተብህ ትመስላለህ እኮ» አለችኝ።

ጥፋተኛውን ለመወሰን ብዙ አልቆየሁም። አጥር የምንጋራው ጡረታ ከወጡ አንዲት አስተማሪ ጋር ነው። ድንች ተክለዋል፤ እንደ ልጅ ነው የሚንከባከቡት። ሐሙስ ዕለት መርጫ አዝለው ፀረ ተባይ ሲረጩ አይቻቸዋለሁ። ንቦቹን በሻይ ሳህን ላይ ለቅሜ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይህን ይመልከቱልኝ» አልኩ። ድምፄን ለማለስለስ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

መነጽራቸውን አስተካክለው መጀመሪያ ሳህኑን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «እኔ ገደልኳቸው ነው የምትለኝ?»

«ሐሙስ ሲረጩ አይቼ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ሳይመረምር መልስ ለሚጽፍ ተማሪ ዜሮ ነበር የምሰጠው» አሉ። ነጠላቸውን ደረብ አደረጉና፣ «ንቡን ከሸጠልህ ሰው ዘንድ ውሰደኝ» አሉኝ።

በባጃጅ ሄድን።  ባጃጁ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ሳህኑን በመዳፌ እከድናለሁ።

ኦቦ በረት ሲጠርጉ ደረስን። «አካም ቡልተን» ተባብለን ሳህኑን አቀበልኳቸው። አንዱን ንብ አንስተው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ቀጥለው ሌላውን። ከዚያ ገና እግሩን የሚያንቀሳቅሰውን አንዱን መርጠው የኋላውን ከገዛ ጉንጫቸው ጋር ለጠፉት።

«ኧረ ይነድፍዎታል» አልኩ ደንግጬ።

«በምኑ? መንደፊያ እኮ የለውም።» ሳቁ። «ይሄ ድንጉላ ነው፣ ወንዱ። ዓይኑ ትልልቅ፣ ገላው ወፍራም፣ ኋላው ድፍን። ሁሉም እንደዚሁ ናቸው።»

በረቱ ደጃፍ ላይ ቆመን አስረዱን። ወንዱ ንብ አበባ አይቀስምም፣ ቀፎም አይጠብቅም፤ ሥራው አውራዋን፣ ንግሥቲቱን፣ ማስረገዝ ብቻ ነው። አበባ እስካለ ድረስ ሠራተኞቹ ንቦች እየመገቡ ያኖሩታል። ዝናቡ ሲከብድና የሚቀሰም ሲጠፋ ግን ሠራተኞቹ በክንፉ ጎትተው ያስወጡታል። ተመልሶ እንዲገባ አይፈቅዱለትም፤ ብርዱና ረሃቡ ይጨርሰዋል።

«መድኃኒት ቢሆን ሠራተኞቹ ነበሩ በክምር የሚያልቁት፣ ምላሳቸውን አውጥተው» አሉ። «እንደዚያ ያለቁብኝ ጊዜ አለ፤ አንተን አያሳይህ።» ወደ እትዬ ዞሩ። «እርስዎም ታዲያ ሲረጩ ንብ ቤቷ ከገባች በኋላ ይሁን። አበባ ላይ ግን ጭራሽ አይርጩ።»

«እሱስ እውነት ነው። በጠራራ ፀሐይ ነው የረጨሁት» አሉ እትዬ። ያን ጊዜ እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

ስንመለስ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በጣም አፈርኩ» አልኳቸው።

«እፈር፣ ይገባሃል» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ባሌን ነፍሱን ይማረውና፣ ንብ ሆኖ ቢፈጠር ሰኔን አያልፍም ነበር።» በረቱ ደጃፍ ሲጠብቀን ሁሉንም የሰማው ሹፌር ባጃጁን እስኪያቆም ድረስ ሳቀ።

በማግስቱ ማለዳ እትዬ ሁለት ዱካ ይዘው መጡና ከቀፎው ራቅ ብለን ተቀመጥን። ሁለት ሠራተኞች አንድ ድንጉላ እየጎተቱ ብቅ አሉ። እሱ የመግቢያውን ጠርዝ ሙጭጭ ብሎ ይዟል።

«ተዉት እንጂ፣ አንድ ቀን ጨምሩለት» አሉ እትዬ። አልሰሟቸውም።

ከዚያ ወዲህ የሚረጩት አመሻሹ ላይ ነው። መርጫውን አዝለው በአጥሩ በኩል ብቅ ይሉና፣ «ልጄ፣ ገብተዋል?» ይሉኛል። እኔም ሄጄ መግቢያውን አያለሁ።