አንድ ቋጠሮ ጥቁር አዝሙድ

ይህ ነገር ከደረሰ ዓመት ሊሞላው ነው። ልረሳው ብዙ ሞክሬያለሁ፤ ግን በርበሬ በሸተተኝ ቁጥር ይመጣብኛል። ፍኖተ ሰላም ደግሞ በርበሬ የማይሸትበት ቀን የለም።

የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት እማማ ይታይሽ ግቢ ነው። እማማ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅም የላቸውም። ከቡሬ ገበያ በርበሬ ያስመጡና ቀንጥሰው፣ ቀምመው፣ አስፈጭተው ይሸጣሉ። በሰፈራችን ያለ እሳቸው በርበሬ የተደገሰ ሠርግ የለም ቢባል ማጋነን አይደለም።

እኔ ደግሞ ስልክ መነካካት ስለቻልሁ ብቻ ሁሉን የማውቅ የሚመስለኝ ሰው ነኝ። “እማማ፣ በኢንተርኔት ገበያ ሱቅ ልክፈትልዎት፣ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣሉ” አልኋቸው።

“አንቺ ካልሽ እሺ፤ እኔ እሱን የት አውቄው” አሉኝ።

ሱቁን ከፈትሁ። ነጠላቸውን አስተካክዬ ፎቶ አነሣኋቸውና ለጠፍሁት። ረጅሙን የውል ጽሑፍ ሳላነብ “ተስማምቻለሁ” የሚለውን ተጫንሁ። ተማሪዎቼን ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ እያልሁ የምቆጣው እኔው ነኝ።

ገበያው ደራ። እማማ ግን በየእሽጉ ውስጥ የተፈጨ ጥቁር አዝሙድ በትንሽ ጨርቅ ቋጥረው መክተት ጀመሩ። ምርቃት ነው። “ይሄ እኮ በዝርዝሩ ላይ የለም” ብላቸው ተቆጡኝ።

“ገዥን ያለ ምርቃት የሚሸኝ ምን ዓይነት ሰው ነው? ፊቱን ላላየሁትማ እንዴት እተወዋለሁ?”

ሳቅሁና ተውሁት። እንዲያውም ቋጠሮውን አብሬያቸው አስር ነበር።

አንድ ገዥ ቋጠሮውን አይቶ ደነገጠ መሰለኝ። “በእሽጉ ውስጥ የማላውቀው ጥቁር ዱቄት አገኘሁ” ብሎ ከነፎቶው ለገበያው ባለቤቶች አመለከተ። በሰውየው አልፈርድም። እነሱም በሦስት ቀን ውስጥ መልስ ስጡ የሚል መልእክት ልከውልን ኖሯል። ያን ሰሞን ከተማችን ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ሲመለስ ስልኬን ብከፍት ሱቁ ተዘግቷል። ከእማማ ፎቶ በላይ በቀይ “ለደንበኞች ጤና አስጊ ሆኖ በመገኘቱ የታገደ” ይላል።

ጻፍሁላቸው። ጥቁር አዝሙድ ነው፣ ምርቃት ነው፣ አስመርምሩት አልሁ። ወዲያው “ጉዳይዎ በተስማሙበት ውል መሠረት ታይቶ ተዘግቷል” የሚል መጣ። ደግሜ ብጽፍ ያው መልስ ቃል በቃል መጣ። የሚደወልበት ስልክ የለ፣ የሚኬድበት ቢሮ የለ። ፎቷቸውን እንኳ አንሡልኝ ብዬ ለመንሁ፤ የሰማኝ የለም።

ፎቷቸው ከነቀይ ጽሑፉ ከስልክ ስልክ ዞረ። በሳምንቱ ከተማው “ይታይሽ በርበሬዋ ውስጥ የሆነ ነገር ትጨምራለች” ይል ጀመር። መርዝ የሚለውን ቃል ማንም ከአፉ አላወጣም። ሁሉም ያሰበው ግን እሱን ነበር።

በዚያው ወር የማርያም ማኅበር ተራው የእማማ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ጉድ ጉድ ሲሉ ሰነበቱ። ማኅበርተኞቹ መጡ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ጠላው ተቀዳ። ማዕዱ ሲቀርብ ሁሉም ጎመኑንና አይቡን እየጠቀለሉ በሉ። ቀዩ የበግ ወጥ እንደወጣ ቀረ። እነዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረዋቸው ማኅበር የጠጡ ሴቶች ናቸው።

እማማ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከወጡ በትልቁ ጎረሱ፤ ደግመውም ጎረሱ።

“ብሉ እንጂ፣ በማርያም!” አሉ።

“ጠግበናል፣ እግዜር ይስጥልን” አለች አንዷ፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

እኔ ከወጡ በላሁ። እንባዬን እየጠረግሁ በላሁ። የአንዲት ተከራይ ጉርሻ ግን ምን ይፈይዳል? በማግስቱ እማማ የበርበሬ ወንፊታቸውን አጥበው ሰቀሉት።

ከጥቂት ወራት በኋላ መምህራን ሁሉ ለአንድ ረቂቅ ሕግ ውይይት አዳራሽ ተጠራን። ረቂቁ በኢንተርኔት ገበያዎችና በሻጮቻቸው መካከል ፍትሕ እንዲኖር የሚደነግግ ነው። ገበያው ሱቅ ከመዝጋቱ በፊት ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል፣ በቂ ጊዜ ይሰጣል፣ የሻጩን ቃል ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማል የሚል አንቀጽ ሲነበብ ብድግ አልሁ። እጄን አወጣሁ።

“እስከ ዛሬ የተዘጋባቸውስ?”

የሚያስረዳው ሰው ደግ ሰው ነው፤ ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ። “ገና ረቂቅ ነው እኅቴ። ቢጸድቅም ያለፈውን አይመለከትም” አለኝ።

ያም ሆኖ እየሮጥሁ ሄጄ ለእማማ ነገርኋቸው። በረንዳ ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ቆመ።

“ሳይዘጉ በፊት ይጠይቃሉ ማለት ነው?”

“አዎ፣ እማማ።”

“እኔንም ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር” አሉና ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ዛሬም አብሬያቸው እኖራለሁ። እቤታቸው ከአልጫ በቀር አይሠራም። አንድ ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን ያቺን “ተስማምቻለሁ” የተጫነች ጣቴን መውቀስ አልተውሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት ገዝቼ ስነሣ ሻጯ ሁለት ራስ ጨመረችልኝ።

“ተይው፣ ይቅር” አልኋት።

“ምርቃት እኮ ነው፣ እንዴት እተወዋለሁ?” አለችኝ።

እዚያው ገበያ መሃል፣ ዘንቢሌን እንደያዝሁ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።