በሁዳዴ የተሸከምነው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ዋይንድሃም ቬል ቤቴ ጓሮ ቆሜ፣ ልጆቼ ለካምፕ የሚወስዱትን አዲስ ጀሪካን በሎሚ ሳጥብ፣ ፀሐይ የመታው ላስቲክ ሽታ ከሎሚው ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላውና ሳላስበው በስደት ባደግሁበት ሰፈር ፍሌሚንግተን፣ እንኖርበት የነበረው ረጅም ሕንፃ ላይ፣ የእናቴ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

ያን ጊዜ በእናቴ የትውልድ መንደር የውሃ ጉድጓድ ለማስቆፈር ተብሎ፣ ከፍሌሚንግተን እስከ ሰንሻይን ውሃ ተሸክሞ የሚኬድበት የእግር ጉዞ ተዘጋጅቶ ነበር። አባቴ የሚሠራበት የሰንሻይን ፋብሪካ ባለቤት፣ ተጓዦቹ በጀርባቸው ባመጡት ውሃ በሩ ላይ ያቆመውን በርሜል ከሞሉለት የቁፋሮውን ወጪ እችላለሁ አለ። ካልሞላ ግን የለም። በልጅነቷ ምንጭ ለምንጭ ስትመላለስ ትምህርት ያመለጣት እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አጣች።

ቀኑን የመረጡት የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሼ ተክሌ ናቸው። ሰኞው የሕዝብ በዓል መሆኑን አይተው «ቡክ አደረግሁ!» ብለው ካበሰሩን በኋላ ነው ሁዳዴ መሆኑ ትዝ ያላቸው። እናቶቻችን ደግሞ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም።

«አስካለ፣ ቄሱን ላስፈቅድ፤ በዚህ ሙቀት ትወድቂያለሽ» አሏት እናቴን።

«ይተዉ ጋሼ፤ ተሸከሙ እንጂ ጠጡ መች ተባልን?»

እናቴ ጀሪካኗን ሩዝና ሎሚ ከታ እየናጠች አጠበች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ ከዚያ እኔን ባዘለችበት አንቀልባ ጀርባዋ ላይ አሰረችው፤ ስንጓዝ በአጠገባችን በሚያልፈው ትራም ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ሕፃን መስሏቸው አንገታቸውን እያሰገጉ ፈገግ ይሉላት ነበር። ፉትስክሬይ ስንደርስ ነፋሱ እሳት ሆነ። አብረውን የሚጓዙት ፈረንጆችም እኛ ልጆቹም የእጃችንን ጠርሙስ ጨርሰን «አንድ ጉንጭ ብቻ» እየተባባልን ከየጀሪካናችን እንቀዳ ጀመር። የእናቴ ከንፈር ተሰነጣጥቆ ሳይ ፈራሁ፤ እንድትጠጣ በእንግሊዝኛ ለመንኳት።

«ዝም ብለሽ ተራመጂ» አለችኝ።

ፋብሪካው በር ላይ ቀድመን የደረስነው የተረፈችንን ውሃ ገለበጥን። ውሃው የበርሜሉን ግማሽ እንኳ አላለፈም። ጋሼ ተክሌ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን ያዙ። እኔም አለቀልን ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ይሄኔ ጿሚዎቹ እናቶች ቀስ እያሉ ከኋላ መጡ፤ ጀሪካኖቻቸው አንድ ጠብታ አልጎደላቸውም። አንዷ ስትገለብጥ፣ ሌላዋ ስትከተል፣ በርሜሉ ከፍ ከፍ አለና በመጨረሻ የእናቴ ውሃ ሞልቶ ፈሶ የባለቤቱን ጫማ አራሰው። እልልታው ሰንሻይንን አናወጠው! ጋሼ ተክሌማ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሁዳዴን አስቤበት ነው ቡክ ያደረግሁት» ይሉ ጀመር፤ ማንም አልተከራከራቸውም። እናቴ ግን ሰዓቱ ገና ነው ብላ ጥላ ሥር ተቀመጠች፣ ዘጠኝ ሲሞላ አማትባ ከፋብሪካው ቧንቧ ጠጣች። እንደዚያ ቀን የኮራሁባት ጊዜ የለም።

ጉድጓዱ ተቆፈረ፤ ውሃም ወጣ። እናቴ በፎቶ አየችው እንጂ በቦታው ተገኝታ ለመቅመስ ዕድሜ አልሰጣትም። አምና እኔ ሄጄ ጠጣሁላት፤ የመንደሯ ሴት ልጆች ደብተር ብቻ ይዘው እየተሳሳቁ ትምህርት ቤት ሲሄዱ አየሁ። ይህን ልነግራት ስልኬን አወጣሁ፤ ስሟን ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ነው ማረፏ ትዝ ያለኝ።