መምህሯ፣ ልጄ እና በስልክ ያሉት ጋሼ

ልጄን የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ ያውም በኩራት። ስናስመዘግባት "ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "አማርኛ!" አልኩ፣ ደረቴ የሸሚዙን ቁልፍ ሊበጥስ እስኪደርስ ተነፍቶ። ቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚናገሩት አባትና እናት እንደሆኑ፣ ልጅቷ ግን ሜልበርን ተወልዳ የምትመልስልን በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝ። የእኔን እንግሊዝኛ እኮ ተኝታ ሳለች እንኳ ታርመኛለች።

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው ይባላል። ኮሪደሩ ግን ቀይ ባሕር ነው። በአንድ ወገን ያለው ክፍል ጎበዝ ጎበዞቹ የላቀ ሂሳብ የሚማሩበት ሲሆን፣ እዚያ የሚቀመጡት ዋጋቸው የሚያስነጥስ ቴራስ የሚባሉ ጎን ለጎን የተያያዙ የድሮ ቤቶች ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ፊት ለፊቱ ድጋፍ ክፍሉ አለ፤ እዚያ ደግሞ እኛ ካለንበት የኬንሲንግተን ፍላቶች፣ ከመንግሥት ኪራይ ፎቆቹ፣ የሚመጡ፣ ፀጉራቸው የተጠቀለለ ልጆች። አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም ክፍሎች የሚማሩት በተመሳሳይ ሰዓት ስለሆነ አንዱ ውስጥ የገባ ሌላኛውን አያየውም።

ልጄ ደግሞ ሂሳብ እንደ ቆሎ ነው የምትቆረጥመው።

"ዳድ፣ ዛሬ ምን እንደተማርን ታውቃለህ?" አለችኝ አንድ ቀን ቦርሳዋን ወርውራ። "'ይህ ብርቱካን ነው።'"

አጋነንኩ፤ አፕል ነበር።

የላቀው ሂሳብ ዘንድሮ ያልገባን ሰው ለከርሞ አይቀበልም። ባለቤቴ "ሄደህ ካልተናገርክ እራት የለም" አለች። የቴራስ ቤት ወላጆች ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ለርዕሰ መምህሩ ኢሜይል ይልካሉ። እኛ ሐበሾች ግን አስተማሪ ፊት ስንቀርብ የአንገታችን አጥንት ይቀልጣል። "እሺ" እንላለን፣ "እሺ፣ እግዜር ይስጥልን" እንላለን፣ ወደ ኋላችን እየሄድን እንወጣለን።

ከድጋፍ ክፍሉ መምህርት ጋር ቀጠሮ አስያዝኩ። አማርኛ ነው ስላልኩ በስልክ አስተርጓሚ ቡክ አድርገውልኛል። እኔ ትራም ነጂ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሕዝቡን በእንግሊዝኛ "ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ" ስል ነው የምውለው። ሆኖም አማርኛዬ ጎራዴ፣ እንግሊዝኛዬ የቅቤ ቢላዋ ስለሆነ ለጠብ በጎራዴው ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።

መምህሯ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው። ልጄ አጠገቤ ናት።

"ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ? ቤተሰብ ደኅና? ብርዱ እንዴት ነው?" አሉ አንድ አዛውንት ከስልኩ ውስጥ። መምህሯ ሰዓቷን አየች።

"ጋሼ፣ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፤ ልጄ እንግሊዝኛ ከእሷ እኩል ነው የምታውቀው። በፀጉሯና በአድራሻዋ ነው እዚህ የተጣለችው። ይህን የምታክል ልጅ 'ይህ አፕል ነው' ይሏታል!"

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በጠራ እንግሊዝኛ፣ "አባትየው ለመምህሯ ድካም ከልብ ያመሰግናሉ" አሉ።

መምህሯ ፈገግ አለች።

"ጋሼ! እንደሱ አላልኩም እኮ!"

"ወንድሜ፣ መምህር እኮ ናቸው፤ ቀስ ተብሎ ነው" አሉኝ በአማርኛ።

"ያልኩትን ይበሉልኝ! ይህ ኮሪደር በቆዳ ቀለም ተከፍሏል ይበሉ!"

"አባትየው ኮሪደሩ በጣም ያምራል ይላሉ።"

ጢሜ ቆመ። አፌን ስከፍት ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። "አባዬ፣ ቆይ። እኔ ልንገራት" አለች፣ በአማርኛ። በአማርኛ! ጣሪያው ያልወረደው ለጥቂት ነው።

ከዚያ ወደ መምህሯ ዞራ ያልኩትን አንድም ሳታስቀር በእንግሊዝኛ አወረደችው፤ ፀጉሩን፣ አድራሻውን፣ አፕሉን፣ ኮሪደሩን። የማዶዎቹን የሂሳብ ፈተና ምሳ ሰዓት ላይ ተውሳ እንደሠራችውም ጨመረችና ወረቀቱን ዘርግታ አሳየቻት።

መምህሯ ወረቀቱን አየች፤ ልጄን አየች፤ ጆሮዋ ቀላ። "እንደዚህ መናገር ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችይው?"

"ከተወለድኩ።"

"ሰኞ ወደ ማዶ ትሻገሪያለሽ" አለች መምህሯ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ያ አንገቴ ቀለጠ። ጎራዴዬን ሰገባው ውስጥ ከትቼ፣ "ጋሼ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይንገሩልኝ" እያልኩ ከወንበሬ ተነሣሁ።

አዛውንቱ ግን ቅድም ባልሰማሁት ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ "አባትየው፣ 'እዚያ ክፍል የቀሩት ልጆችስ መቼ ነው የሚሻገሩት?' ብለው ይጠይቃሉ" አሉ።

መምህሯ እኔን አየችኝ። እኔ ስልኩን አየሁ።

"ጋሼ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ወንድሜ፣ ትሩጋኒና ሰፈር የምትማር የልጅ ልጅ አለችኝ" አሉ በአማርኛ። "እሷም አፕሉ ላይ ናት።"

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የቅቤ ቢላዋዬን መዘዝኩና በገዛ እንግሊዝኛዬ፣ "አዎ። መቼ?" አልኩ።

መምህሯ እስክሪብቶ አነሣች። "እነማን ናቸው?" አለቻት ልጄን።

ልጄ ስም መጥራት ጀመረች፤ እየፈጠነች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ።

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ" አሉ ጋሼ ከስልኩ ውስጥ። "መምህሯ ይጻፉ።"