በማርሚታ አፍ የተዘረጋው መሐረብ

ጎረቤታችን ደረጀ የጭነት መኪናው «ጭሷ በዝቷል» ተብሎ ቦሎ ተከልክሎ እየተራገመ መጣ። ባለቤቴ በለጠ ካረፈ ወዲህ ሰው ሲመጣ የምናገረው ይጠፋኛል፤ ደረጀ ግን መልስም አልፈለገም። የጭስ መውጫው ማርሚታ ውስጥ ቱቦ ከትተው በመሣሪያ እንደለኩበት፣ አዲስ የናፍታ መርጫ ኖዝል ልግዛ ቢል ኪሱ እንደማይችል ሲነግረኝ ቆየና፣ «እትዬ፣ ጭስ ይለካል ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«በመሐረብ ሲለካ አይቻለሁ» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እሱ ከሄደ በኋላ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ብዕር ያነሳሁት በማግስቱ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ትንሽ ስጽፍ ይደክመኛል።

በደርግ ዘመን ገና ልጅ እግር መምህርት ሳለሁ የተመደብኩት አሰብ ነበር። ደጋው ዝናብ ሲጠግብ አሰብ ትነድዳለች፤ እኛም አልጋችንን ግቢ አውጥተን በላብ እንተኛ ነበር። ሰው ከተማዋን በሙቀቷ ያስታውሳታል፣ እኔ ግን በመኪና ድምፅ ነው። መርከብ ስንዴና ብረት ባራገፈ ቁጥር፣ ተሳቢ የጎተቱ መኪኖች ጎህ ሳይቀድ ሞተራቸውን ያሞቃሉ። የናፍታው ሽታ ከባሕሩ ጨው ጋር ተቀላቅሎ በመስኮት ይገባል። ያ ሽታ ለእኔ የእሱ፣ የበለጠ ሽታ ነበር።

በለጠ ከነዚያ መኪኖች የአንዱ ሹፌር ነው፤ ተጫጭተናል። ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ተመልሶ ሲመጣ ከመንገድ ብርቱካን ያመጣልኛል። የዚያን ጊዜ ልጃገረድ ለእጮኛዋ መሐረብ ትጠልፍ ነበርና፣ እኔም በነጭ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ጠልፌ፣ ጥጉ ላይ «በ» የምትል ፊደል አኑሬ ሰጠሁት። መሐረብ ብቻ አልነበረም። አደባባይ ላይ የማልናገረውን ሁሉ በክር የተናገርኩበት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አዲስ መመሪያ መጣ። ከወደብ ጭኖ የሚወጣ መኪና የእሳት ማጥፊያ ይኑረው፣ ሸራው አይቀደድ፣ የተሳቢው ፍሬን ይያዝ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁር ጭስ አያውጣ ተባለ። ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የሚባክን የአገር ናፍታ ነው ይሉ ነበር። ፍተሻውን ያለፈ መኪና የናፍታ ፖምፓው እንዳይነካካ በሽቦና በእርሳስ ይታተማል። ሹፌሮች አልወደዱትም። «እዚህ ባሕሩ አጠገብ የታሰረ ፖምፓ ከባቲ በላይ ዳገቱን ቢለምኑትም አይወጣም» ይላሉ። ፍተሻውን የወደቀ መኪና ደግሞ ወደ ጋራዥ ተመልሶ ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪመጣለት ይቆማል። ፀሐይ ላይ ቆመው ጎማቸው የተሰነጠቀ መኪኖች አይቻለሁ።

ፈታሿ ወይንሸት ትባላለች። ከውጭ ተምራ የመጣች፣ ሰማያዊ ቱታ የምትለብስ፣ ቀጭን ረጅም ልጅ ነበረች። በሽቦ ክብ ላይ ጨርቅ ወጥራ ማርሚታው አፍ ላይ ታስጠጋለች፣ ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፣ ጨርቁ ከጠቆረ «ተመለስ» ትላለች። ሹፌሩ ሁሉ ሲያማት በለጠ ብቻ ጠበቃዋ ሆነ።

«ወይንሸት እኮ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ የትኛው ኖዝል እንደደከመ ታውቃለች!» አለኝ አንድ ቀን፣ ያመጣልኝን ብርቱካን እየላጠ።

«አንተስ የኔን ድምፅ ሰምተህ ምን እንደደከመኝ ታውቃለህ?»

«አንቺማ ደክሞሽ አያውቅም» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ብርቱካኑም አልጣፈጠኝም። ከዚያ በኋላ ስሟን በጠራ ቁጥር፣ ጥርሴ መሐል አሸዋ እንደገባ ያህል ይሰቀጥጠኝ ጀመር። እኔ ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ? ስለ ተማሪዎቼ ሳወራው ዓይኑ ይርቃል፤ ስለ ኖዝል ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ያንን ብርሃን የምታበራው ሌላ ሴት መሆኗ ነው ያንገበገበኝ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተጠበሰ ዓሣና ዳቦ ይዤለት ወደ መፈተሻው ሄድኩ። መኪኖቹ ተሰልፈዋል፣ የበለጠ መኪና ፊት ላይ ናት። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሹፌር ጋሽ መኩሪያ፣ መኪናቸው ደጋግማ የተመለሰችባቸው፣ ከሩቅ አዩኝና፣ «ቲቸር፣ ምሳውን ለኛ አምጪው! በለጠማ እዚህ ተቀላቢ ነው» አሉ። ሹፌሮቹ ተንጫጩ።

ወይንሸት የበለጠን መኪና ልትፈትሽ ግራጫውን የመንግሥት ጨርቅ ከሽቦው ፈታች። ከኪሷ ነጭ መሐረብ አወጣችና ወጠረች። አረንጓዴ ቅጠል አለው። ጥጉ ላይ «በ» ይላል።

«ይሄ የኔ ነው» አልኳት።

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ እህቴ» አለች ሳትዞር።

«መንግሥት ጥልፍ ይጠልፋል?»

የሹፌሮቹ ሳቅ እስከ ወደቡ ተሰማ። በለጠ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። «አንድ ቀን ጨርቅ አጥታ ነው የሰጠኋት» አለ። «የኔ መኪና አታጨስም፣ እንደነጣ ይመለሳል ብዬ ነው።»

«ለኛ ማርሚታው አፍ ላይ፣ ለሱ ከሩቅ ነው የምትዘረጋው!» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «ምን ያጠቁረዋል?»

መሐረቡን ከእጇ ነጠቅሁ። የጭስ ሽታ የለውም፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ተተኩሷል። ከቅጠሎቹ የአንዱ ክር ተፈትቶ ነበርና፣ ትንሽ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ክር ተጠግኗል። ያ ክር የእኔ አይደለም። ሴት ልጅ የመንግሥት ጨርቅ ተቀምጣ አትጠግንም። ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

በለጠ ግን ክሩን አላየም። እሱን ያናደደው የመኪናው ስም መጥፋቱ ነው። ሊጠይቀኝ ሲመጣ የሚለብሰውን ነጭ ሸሚዝ አውልቆ ለወይንሸት ሰጣት። «በዚህ ለኪው። ጠጋ አድርገሽ።»

«በለጠ፣ ይቅር» አለች በቀስታ።

«ጠጋ አድርገሽ አልኩ!»

ጋቢናው ላይ ወጥቶ ነዳጁን ረገጠ። ሸሚዙ ላይ እንደ ምጣድ ቂጥ የጠቆረ ክብ ታተመ። ከዚህ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ጋሽ መኩሪያ ብቻ፣ «አይ ልጄ፣ እኛን በዚህ ጭስ ስትመልሺን ከረምሽ» አሏት።

ወይንሸት ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ፣ «ተመለስ» አለችው። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ለሰው ብላ ሕግን ያጠፈች ሴት ምን ያህል እንደምትወደው አሁን አገር አወቀ። እኔ ለእሱ ያጠፍኩት ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ በለጠ ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ። «አላውቅም ነበር» አለኝ። «ሹፌር የራሱን ጭስ አያይም፤ ከኋላው ነው።»

«እሷንስ አላየሃትም?»

«ምኗን?»

አመንኩት፤ ግማሹን። መኪናው ጋራዥ በቆመችባቸው ሳምንታት በየማታው እየመጣ ደጄ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ የሠርጋችንንም ቀን የቆረጥነው ያን ጊዜ ነው። ወይንሸት ዝውውር ጠይቃ በአውሮፕላን ሄደች ሲባል ሰማሁ። የሄደች ዕለት ጠዋት በለጠ ጋራዥ አልነበረም። የት ነበርክ ልለው አፌ ላይ ደረሰና መለስኩት። ከዚያ ልጆች መጡ፣ አሰብን ለቀን ወጣን፣ አረጀን። አሁን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ለቅሶው ላይ የመጣ ሰው ሁሉ የሚነግረኝ እኔ የማውቀውን በለጠን ነው፤ የልጆቼን አባት፣ የሰፈሩን ጎረቤት፣ ጡረተኛውን። ጋቢናው ውስጥ ፊቱ የሚበራውን ወጣት የሚያውቅ አንድ እንኳ አልመጣም። ያ ወጣት ያለው፣ በሕይወት ካለች፣ ከወይንሸት ጋር ነው፤ በእሱ ነው እስከ ዛሬ የምቀናባት።

በሬን አንኳኩታ ብትመጣ አስገባታለሁ። አጠገቤ አስቀምጬ ስለ እሱ የምታውቀውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ አስወራታለሁ። ማልቀስም ትችላለች። ከኔ አብልጣ ካለቀሰች ግን ተነስቼ በሩን አሳያታለሁ።