ከጎጆው ጀርባ የወጣው አበባ

በእኛ መንደር ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚወሳው የአትክልት መደቡ ነው። ከልጆቹም በፊት፣ ከደግነቱም በፊት። «አፈሩ እንደ ገበታ ነበር» ከተባለለት፣ ቄሱ የሚጨምሩት እምብዛም የለም። ገበታ ማለት ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንዲት አረም የማትታይበት፣ ባሮ ሽንኩርቱ በገመድ የተሰለፈበት መደብ ነው። አባቶቻችን ከሰል ሲቆፍሩ ውለው፣ የተረፈቻቸውን ብርሃን ይዘው ወደዚህ ኮረብታ እየወጡ ነው ይህን ያስተማሩን። ከመሬት በታች የዋለ ሰው፣ ከመሬት በላይ ያለችውን፣ ከአትክልተኞች ማኅበር በተራ የሚያገኛትን ቁራሽ መሬቱን ቢያጸዳ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ከጽዳት በቀር ሌላ ነገር ማየት ሲሳነው ነው፤ ይህን ግን እኔም የተረዳሁት ካረጀሁ በኋላ ነው።

ከትበርት ተርልዌል «እንደ ገበታ» ከተባለላቸው አንዱ ነበር። የከሰል ጉድጓዱ እስኪዘጋ እዚያ ሠራ፤ ከተዘጋ በኋላ ቀሪ ዕድሜውን ለባሮ ሽንኩርት ሰጠ። ክንድ የሚያህል ባሮ ሽንኩርት አብቅሎ በየዓመቱ ውድድር ላይ ያቀርባል። ዋንጫዎቹ ዛሬም በሳሎኑ መስኮት ላይ መንገደኛ እንዲያያቸው ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተደርድረዋል።

ሚስቱ ኢኒድ በከሰል ጉድጓዱ ሠራተኞች መመገቢያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ሾርባ ስትጨልፍ የኖረች ሴት ናት። አጭር ናት፣ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ስትናገር ዓይንህን አትለቅም። አበባ ትወዳለች። ከትበርት ግን የማይበላ ነገር እዚህ አፈር ላይ አይቆምም ብሎ ነበር፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የፈቀደላት ከዕቃ ጎጆው ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር ያለችውን፣ የአንድ በር ስፋት የምታህል ጠባብ መሬት ነው። «እዚያ ማንም አያየውም» አላት። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አበባዋ እዚያ ነበር።

አንድ ነገር ግን ነበር። ለጎጆው የቀረበው የከትበርት ባቄላ ሁልጊዜ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ያፈራል። ከትበርት በማዕድን ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሲጠየቅ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «ግድግዳው ነው። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ለባቄላው ያጠጣዋል» ይላል። ሰው አመነው። በማግስቱ ዓመት ባቄላ ሁሉ ወደየጎጆው ግድግዳ ተጠጋ። የአትክልተኞች ማኅበር ሊቀመንበራችን አምብሮዝ ፓሊስተር ደግሞ ሙቀት ይስባል ብሎ ጎጆውን ዙሪያውን ጥቁር ቀለም ቀባው። ባቄላው ግን እንደ ወትሮው ዘገየ። ጎጆው እስከ ዛሬ ጥቁር ነው።

ከትበርት የሞተው በመስከረም ነው። ኢኒድ እንደ ልማዳችን የባሮ ሽንኩርቱን ችግኝ ለጓደኞቹ አካፈለች፤ ቁራሹን ግን ለማንም አልሰጠችም። ጥቅምት ላይ ባቄላ ዘራች። ከዚያ ከጎጆው ጀርባ ያለውን አበባ ነቅላ፣ ከፋፍላ፣ በባቄላው ረድፍ መካከል ተከለችው፤ አንድ ረድፍ ባቄላ፣ አንድ ረድፍ አበባ። አብዛኛው እኛ «ወታደርና ሚስቱ» የምንለው ነው፤ ቅጠሉ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲፈነዳ ሮዝ ሆኖ እያደር ሰማያዊ የሚሆን፣ ከጉልበት በታች የሚቀር ተክል። በረዶ ሳይለቅ ያብባል።

በመጋቢት አምብሮዝ ከበሯ መጣ። በእኛ ዘንድ ሳይጋበዙ የሰው ቁራሽ ውስጥ መግባት ነውር ስለሆነ ከበሩ ውጭ ቆመ። እኔ ቀጣዩ ቁራሽ ላይ ነኝና ሁሉንም ሰማሁ።

«ኢኒድ፣ እንዴት ነሽ እታለም?»

«ቆሜ እያየኸኝ?»

«አይ... ይሄ በባቄላው መሀል ያለው ምንድን ነው?»

«አበባ ነዋ! አይተህ አታውቅም?»

«ቀብር ላይ አይቻለሁ።»

«እንግዲህ በሕይወት ሳለህም እየው።»

አምብሮዝ ቆቡን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «ስሚኝማ። ከቁራሹ ከአራት ሦስት እጁ ለሚበላ ነው። ይህን ደንብ እጁን አውጥቶ ያጸደቀው ከትበርት ራሱ ነው። በሰኔው የቁጥጥር ዙር በገመድ እለካለሁ፤ ካልሞላ ቁራሹ ለተረኛ ይሄዳል። ክፉ ሆኜ እንዳይመስልሽ።»

«ክፉስ አይደለህም አምብሮዝ። ገመድህ ነው የከፋው።»

የዚያ ዓመት ጸደይ ግን ከአምብሮዝም ከገመዱም የባሰ ነበር። ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ ሳምንታት ሙሉ አልተኛም። በሚያዝያ በረዶ ወረደ። ግንቦት ገብቶ፣ ቀኑ ረዝሞ፣ ውርጩ ግን የድንቹን ቅጠል እንደ ከሰል አጠቆረው። ኢኒድ በቀረው መሬቷ ላይ የዘራችው ካሮትና ቀይ ሥር አፈር ውስጥ በሰበሰ። የቆሙላት ባቄላውና አበባው ብቻ ናቸው፤ ግማሽ ለግማሽ። በአምብሮዝ ገመድ ቢለካ ቁራሹ አበቃለት ማለት ነው።

ሌሎቻችንም የሚበቅል ነገር ስላጣን አጸዳን። ሥራ ሲጠፋ ጽዳት ይበዛል። የአጥሩን ሥር ላጨን፣ የመንገዱን ዳር ላጨን፣ ከድንጋይ ሥር ብቅ ያለችውን ቢጫ አበባ ሳይቀር በቢላዋ ጫፍ እያወጣን ጣልን። ኮረብታው እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም። ባቄላችን አበበ፤ አበባው ጠቆረና ረገፈ። ብርዱን ረገምነው።

አንድ ቀን ከፔርሙዜ ሻይ ቀድቼ በአጥሩ ላይ ሰጠኋትና፣ «ኢኒድ፣ እንደ ወንድም ስሚኝ። የአበባውን ግማሽ ንቀይና ድንች ድገሚበት። እስከ ሰኔ ቅጠሉ ይሸፍንልሻል። አምብሮዝ የሚፈልገው ቅጠል ነው» አልኳት።

ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣች። «ቤት ውስጥ ያሉት ዋንጫዎች የእሱ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «አልጋው ሳይቀር እናቱ የሰጡት ነው። ይሄ ቁራሽ ቢወሰድብኝ የት ሄጄ ነው እኔ ነኝ የምለው?» ጽዋውን መለሰችልኝ። «እሺ መምህር። ነገ እነቅለዋለሁ።»

መምህር የምትለኝ ልጇን ስላስተማርኩ ነው፤ ሲያሻት በአክብሮት፣ ሲያሻት ለማሾፍ።

በማግስቱ መኮትኮቻዋን ይዛ መጣች። ሰማዩ እንደ እርሳስ ነው። ከመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ቆማ መኮትኮቻውን አነሣች፤ ከዚያ እንዳነሣችው ቀረች።

«አንተ መምህር! ና እስቲ ግባ። ይቺን እያት።»

ገባሁ። ከሰማያዊው አበባ ላይ አንዲት ወፍራም፣ ጠጉራም ንብ ተንጠልጥላለች፤ ብርዱን ሁሉ አፈር ውስጥ ተኝታ የወጣች የንብ ንግሥት ናት። የሞተች መስላኝ ነበር። ስጠጋ ግን ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ አልነሣ እንዳለው መኪና። ቆይታ ከአበባው ጠጣች፤ እንደገና ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ እንደ ሰካራም ዝቅ ብላ በረረችና ቀጣዩ ረድፍ ባቄላ ላይ አረፈች። ከባቄላው አበባ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው ሄደች። ሲበርዳት ደግሞ ወደ ወታደሩና ሚስቱ ተመለሰች።

«ዛሬ በዚህ ኮረብታ ላይ ሌላ የምትበላበት ቤት የላትም» አለች ኢኒድ።

«አንቺስ? ይሄ ከተወሰደብሽ ሌላ አለሽ?»

«የለኝም።» መኮትኮቻውን ትከሻዋ ላይ አጋደመችው። «ሁለታችንም ቤት የለንም ማለት ነው። ታዲያ አንዳችን ሌላውን ብናስወጣ ምን ልንሆን ነው?»

ከዚያ በድንገት መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ክንዴን እስክትይዝ አላቆመም።

«ግድግዳው ነው ይል ነበር እኮ! ከትበርቴ! ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ዞሮ ከግድግዳው ጀርባ ቢያይ ምን ነበረበት!»

አበባውን አልነቀለችውም። እኔም ዳግመኛ አልመከርኳትም። ቤት ሄጄ ስለዚህ ነገር ብዙ አሰብኩ። ሰው «ይጠቅማል» የሚለው የጥቅሙን መጨረሻ ያየውን ነገር ነው፤ የጥቅሙ መጀመሪያ ግን ብዙ ጊዜ ከጎጆ ጀርባ ተቀምጦ እንደ ጌጥ ይቆጠራል። ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስንቱን ነገር በቢላዋ ጫፍ እያወጣሁ ጥዬ ይሆን አልኩ።

የሰኔው ዙር ቀን ደረሰ። አምብሮዝ ቋጠሮ ያለበትን ገመዱን ይዞ ከፊት፣ እርግብ አርቢው ላንስ የገመዱን ሌላ ጫፍ ይዞ ከኋላ፣ የቀረነው ከእነሱ ጀርባ። በየቁራሹ ድንቹ አገግሟል፤ ባሮ ሽንኩርቱ አለ፤ ባቄላው ግን ቅጠሉ ደረት ድረስ ቆሞ ፍሬ የለውም። ከዙሩ በኋላ ባለው እሑድ በክበቡ የመጀመሪያውን ባቄላ ከአሳማ ሥጋ ጋር ቀቅሎ አብሮ መብላት ከአባቶቻችን የመጣ ነገር ነው፤ ለዚያ የሚሆን ባቄላ ከወዲያኛው ጫፍ እስከ ኢኒድ በር ድረስ አልተገኘም።

«ዘንድሮ ቅጠሉን እንበላለን» አለ ላንስ። «ከእራት በኋላ የጥንቸል ጆሮ ነው የሚታደለው።»

ኢኒድ በሩን ከፍታ ቆማለች። የቤተ ክርስቲያን ኮቷን ለብሳለች። «ግባ አምብሮዝ» አለችው።

ገባ። ገመዱን በአበባው ረድፍ ላይ ዘረጋ፤ አበባው ተንዠርግጎ ባቄላው እግር ሥር ገብቷል። በባቄላው ላይ ዘረጋ፤ ባቄላው ተጋድሞ አበባውን ተደግፏል። አንሥቶ እንደገና ዘረጋ።

«የቱ ጋ ነው የሚያበቃው?» አለ።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ለኪው አንተ ነህ» አለች ኢኒድ።

«ገመዱን ይዤ እስከ ገና ልቁም?» አለ ላንስ ከወዲያ ጫፍ።

አምብሮዝ እያጉረመረመ ተንበረከከ። የአበባውን ሥር ከባቄላው ሥር ሊለይ እጁን ቅጠሉ ውስጥ አስገባ። እጁ እዚያው ቀረ። ቀስ ብሎ ሲያወጣው አንዲት ወፍራም የባቄላ እሸት ይዟል። ከላይዋም ከታችዋም ሌላ አለ። አገዳውን ሁሉ ገልጦ አየ፤ ሁለተኛውን ረድፍ ገለጠ፤ ሦስተኛውን ገለጠ። እሸቷን በአውራ ጣቱ ሰነጠቀ፤ ከውስጥ ነጭ ሱፍ የመሰለ ምንጣፍ ላይ አረንጓዴ ባቄላ ተሰልፏል። አንዷን ጥሬዋን አኘከ። ጠጉራሞቹ ንቦች ቆቡን እየገጩ ያልፋሉ።

«ከግድግዳው እኮ ሩቅ ነው» አለ አምብሮዝ።

ጎጆውን ጥቁር የቀባው አምብሮዝ ነው ይህን ያለው።

«ግድግዳው አልነበረም» አለች ኢኒድ። በእጇ ንቦቹን አሳየችው። «እነዚህ ናቸው ባቄላውን ፍሬ የሚያስይዙት። ሌላ ቦታ የሚበሉት ስላጡ እዚህ ከረሙ። ድሮም ከጎጆው ጀርባ ነበሩ።»

ላንስ የገመዱን ጫፍ ጣለው። «ያን ሁሉ ቀለም!» አለ። «አምብሮዝ! ያን ሁሉ ቀለም!» ሳቁ እስከ እርግቦቹ ቤት ተሰማ።

አምብሮዝ ፊቱ ቀላ። ገመዱን በክንዱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

«ምነው፣ አልለካህም እኮ» አለች ኢኒድ።

«ለክቻለሁ። ይሞላል።»

«የቱን ለክተህ?»

«ይሞላል አልኩሽ እኮ ሴትዮ!»

ኢኒድ አላመሰገነችውም። አንገቷን ቀና አድርጋ ባቄላዋን መልቀም ጀመረች፤ እኛ ሁላችን ሳንባል ቆባችንን አውልቀን ባልዲ ያዝንላት።

በእሑዱ ምሳ የክበቡን ድስት የሞላው የእሷ ባቄላ ነው። እንደ ልማዷ ሽርጥ ልታገለድም ወደ ማዕድ ቤቱ ስታመራ ላንስ ጭልፋውን ቀደማት። «ቁጭ በይ» አላት። ባሮ ሽንኩርተኞቹ የሚቀመጡበት ረጅም ጠረጴዛ ራስ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ ለዚህ መንደር ስትጨልፍ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን ከሁሉ አስቀድሞ ተጨለፈላት። ሳህኗን አስቀምጣ ዙሪያውን ስታይ ፊቷ ላይ የነበረውን ኩራት ያየሁ ሰው ነኝ፤ እኔም የእሷ ጎረቤት በመሆኔ ከወንበሬ ከፍ ያልኩ መሰለኝ።

ጥቅምት ላይ፣ የአበባ ሥር ተከፋፍሎ በሚተከልበት ወቅት፣ አምብሮዝ እንደገና ከበሯ መጣ። ግራ ቀኙን አየ። ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ አሮጌ ጋዜጣ አወጣ።

«ከዚያ ሰማያዊ አረም...» አለ በሹክሹክታ።

«ወታደርና ሚስቱ።»

«እሱን። ከሥሩ ትንሽ ብትቆርሺልኝ። ከጎጆዬ ጀርባ ቦታ አለኝ።»

ኢኒድ አካፋዋን አንሥታ ጥሩውን ሥር ከነአፈሩ አወጣች፤ በጋዜጣው ጠቀለለችው፤ ልትሰጠው እጇን ዘርግታ ግን አልለቀቀችውም።

«ከጎጆህ ፊት ነው የምትተክለው። ከበርህ አጠገብ። ከጀርባ ካየሁት መጥቼ እነቅለዋለሁ።»

«ሰዎቹ ምን ይሉኛል ኢኒድ?»

«በሕይወት ሳለ አየው ይሉሃል።»

አምብሮዝ ጥቅሉን ተቀብሎ ወደ ኮቱ ሊከተው አለና ተወው። ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ቅጠሉ በጋዜጣው ጫፍ ወጥቶ እየታየ፣ ሁሉ በሚያየው በትልቁ መንገድ ወረደ።