ዘጠነኛዋ ተጫዋች

መጀመሪያ የመጣብኝ ድምፁ ነው። ኳስ ባዶ ክንድ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያ ጥፊ የመሰለ ድምፅ፣ ቀጥሎ የጫማ ሶል አስፋልት ሲፍቅ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ የወንድሜ ልጅ ሳሎን ተጋድማ በስልኳ ፊልም ታያለች። ቢላዋውን እንደያዝኩ ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ።

«አክስቴ፣ ይሄ እኮ እዚሁ ጆበርግ ነው» አለችኝ። «ቻይናዎቹ መንገድ ላይ የሚጫወቱት ቮሊቦል። ዘጠኝ ለዘጠኝ። ዶክመንተሪ ሠርተውለታል፣ በጣም ኩል ነው።»

አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ ብቅ አለ። ከነሽበቱ አወቅኩት፤ የድሮ አሠሪዬ ልጅ ነው። ጠያቂዋ ያኔ ሴቶችም ይጫወቱ እንደሆነ ጠየቀችው። ሳቀ።

«ሴቶቹማ ብርቱካን ይልጡልን ነበር» አለ።

«ውሸታም!» አልኩ። «እኔ ተጫውቻለሁ።»

የወንድሜ ልጅ ዞር ብላ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው። «አንቺ? ከቻይናዎች ጋር? አክስቴ ደግሞ!»

እናንተ እንኳ ሳትስቁ ስሙኝ።

ያኔ ከአገር ቤት ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ታላቅ ወንድሜ ከጆበርግ ወጣ ባለችው ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ያቺ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆመው ዳቦና ስኳር የሚሸጡባት የመንደር ሱቅ። እኔን ከተማ መሀል፣ ብርድ ልብስ በጅምላ ከሚሸጥ ቻይናዊ ዘንድ አስቀጠረኝ። ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል ከሌሎቹ ሴት ሠራተኞች ጋር አድር ነበር።

እሁድ ከቀትር በኋላ ሱቁ ሲዘጋ ከኋላ ያለው የመኪና ማቆሚያ ይጠረጋል። የመረቡን አንድ ጫፍ ከመብራት ምሰሶው፣ ሌላውን ከመጋዘኑ መስኮት ብረት ያስሩታል። ፀሐዩ ደማቅ፣ ብርዱ ደረቅ፣ ከሩቅ የሚቃጠል ሣር ይሸታል፤ ከማዕድ ቤታቸው ደግሞ የደረቀ ዓሣ። እኔ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አያለሁ። አንድ እሁድ ኳሱ ከሜዳ ወጥቶ ወደኔ ተወረወረ። ናዝሬት ለትምህርት ቤቴ ተጫውቻለሁና ክንዴ ሳያማክረኝ ተነሣ። ኳሷ ሄዳ አቀባዩ እጅ ላይ ልክ አረፈች። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ሲሲ፣ ነይ እስቲ» አለኝ የአሠሪዬ ልጅ። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛና ከደንበኞች በለቀምነው ዙሉ ነበር፤ «ሲሲ»ም እህቴ ማለት ነው።

መጀመሪያ ቀን ራሴን አዋረድኩ። እኛ የተማርነው ስድስት ሆኖ እየዞሩ መጫወት ነው። ሰርቭ ስናገኝ እንደለመድኩት ወደ ቀጣዩ ቦታ ስዞር ከአንድ ግዙፍ ልጅ ደረት ጋር ተላተምኩ። በእነሱ ጨዋታ ማንም አይዞርም። ፊት የቆመ ፊት፣ ኋላ የቆመ ኋላ ይቀራል። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁብኝ። የአሠሪዬ ልጅ ግን በኖራ ስብርባሪ ከኋላ፣ ከግራው ጥግ ክብ ሠራና «ቦታሽ ይሄ ነው» አለኝ። በዚህ አገር የኔ ነው ተብሎ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ነገር ያ ጥግ ነው።

ያን የብርድ ወራት ሙሉ ተለማመድኩ። ከዚያ የደርባን ቻይናዎች ለግጥሚያ መጡ። በዋዜማው አንዱ ተጫዋቻችን ካርቶን ሲያወርድ ጣቱ ተሰበረ። የአሠሪዬ ልጅ ፀጉሬ እንዳይታይ የራሱን ኮፍያ እስከ ቅንድቤ አጠለቀልኝና በቦታው አስገባኝ። ሱሪ ለብሻለሁ። መጨረሻዋን ኳስ በሆዴ ተንሸራትቼ ነው ያነሣኋት፤ የክርኔ ቆዳ አስፋልቱ ላይ ቀረ። አሸነፍን! እንደዚያ ቀን ጮኬ አላውቅም።

ብርቱካን እየበላን ሳለ ወንድሜ በሩ ላይ ብቅ አለ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን ወሬኛ «እህትህ በእሁድ ምድር ሱሪ ታጥቃ ከወንድ ጋር ትዘላለች» ብላው ከቴምቢሳ ታክሲ ይዞ መጥቷል። ሴትየዋ ዛሬም አለች፤ እሁድ እሁድ ጉንጬን ትስመኛለች።

የአሠሪዬ ሚስት ፈጣን ነበረች። ኮፍያውን ነጥቃ ትልቅ ሽርጧን ከወገቤ አሰረችልኝ፤ ቢላዋና ብርቱካን እጄ ላይ አኖረች።

«እህቴ ከናንተ ጋር ትጫወታለች አሉ» አለ ወንድሜ።

«ኧረ ብሮ!» አለው የአሠሪዬ ልጅ። «እሷ ብርቱካን ነው የምትልጥልን። ሴት ኳስ ምን ታውቃለች?»

ሁሉም ሳቁ። ወንድሜም ቀለል አለውና ሳቀ፤ ከእጄም አንድ ቁራጭ ወስዶ በላ። ውሸቱስ ይሁን፣ ከዱላ አድኖኛል። ያቺን መጨረሻዋን ጭማሪ ግን ማን አዘዘው? ክርኔ በሽርጡ ሥር እየደማ እኮ ነው!

ወንድሜ ቢስቅም አላመነም። በሳምንቱ ዕቃዬን ጭኖ ወደ ቴምቢሳ ወሰደኝ። ወጣትነቴ ከፍርግርግ ኋላ ዳቦ ሲያቀብል አለቀ። ዳግመኛ ኳስ አልነካሁም።

እና አሁን፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ፣ ካሜራ ፊት ያንኑ ብርቱካን!

የአሠሪዬን ልጅ ስልክ ቁጥር ያገኘችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት፤ ፊልም ሠሪዎቹን ጠይቃ። ታሪኩን ሰምታ መሳቋን ትታለች። «በይ፣ ራስሽ ንገሪው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ብርቱካን የምትልጠው ነኝ» አልኩት።

«ሲሲ?»

«ለምን ዋሸህ?»

«ያን ቀን?»

«የዚያን ቀኑማ ገብቶኛል። አሁን! በፊልሙ!»

«ወንድምሽ ቢያየውስ ብዬ ነዋ» አለኝ፣ ወጣት ሳለ ይናገርበት በነበረው በዚያ ችኩል አንደበቱ። «ፊልም በየስልኩ ይዞራል። እዚያው ቤቱ ከሆንሽ፣ ዛሬም ቢቆጣሽስ?»

አንዱ ለክብሬ ብሎ ከፍርግርግ ኋላ አስቀመጠኝ፤ ሌላው ለደኅንነቴ ብሎ ከጨዋታው ፋቀኝ። ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ይህን ሁሉ ልለው አፌ ሞልቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ወንድሜ ሞቷል» አልኩት። «ከሞተ ቆይቷል።»

የወንድሜ ልጅ ከሶፋው ላይ ታየኛለች፤ አባቷ ነውና አንገቷን ደፋች።

«ታዲያ ሲሲ» አለኝ በመጨረሻ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «እስከ ዛሬ ማንን ነበር የምንፈራው?»

ስልኩን አልዘጋሁትም። ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር፤ እሱም የኔን ሲሰማ የቆየ ይመስለኛል።