ከሦስቱ በኋላ የመጣችው

በደርግ ጊዜ ሮቤ ውስጥ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባገባሁ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አርግዤ ሦስቱም ሁለተኛ ወራቸውን ሳያልፉ ወረዱብኝ። ጥፋቱን ሁሉ በራሴ ላይ ጭኜ ነበር፤ ውሃ ተሸክሜ ነው፣ ጋሪ ላይ ተንገጫግጬ ነው፣ ተናድጄ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ «ሾተላይ ነው» ብሎ ጨርሶታል።

ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ነው። ፈቃድ ጠይቆ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ከውጭ ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ነበር። የሁለታችንንም ደም አስመርምሮ፣ «ሾተላይ አይደለም» አለና ወንበሩን ወደኛ ሳብ አደረገ።

«ደምሽ ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁሽ ህዋሶች አሉ። በዓይን በማይታዩ ንጥረ ነገሮች መልእክት ይላላካሉ። ፅንስ ግማሹ ካባቱ ስለሆነ ለሰውነትሽ እንግዳ ነው። ደህና እርግዝና ላይ ‹ተዉት፣ የኛ ነው› የሚለው መልእክት ይበረታል። አንቺ ጋ ምናልባት ‹ጠላት ነው› የሚለው እየቀደመ ይሆናል። የሚያጠኑት አሉ፤ እርግጠኛ የሆነ ግን የለም።»

«መድኃኒቱስ ዶክተር?»

«ገና የለውም። ግን ውሃ መሸከምሽም ንዴትሽም አይደለም። ከሦስት በኋላ የሚወልዱ ብዙ ናቸው።»

መድኃኒት የለውም ተብዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ባለቤቴ፣ «እንግዳው እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለኝ። ሳቅ ፈነቀለኝ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩንና ነገሩን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

ጥቂት ወራት ቆይቼ አራተኛውን አረገዝኩ። አማቴ ሊያስታምሙኝ ከዲንሾ መጡ። ሐኪሙ ያለውን ልጃቸው ስለነገራቸው በየጠዋቱ እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው፣ «ዲሳ! ኩን ኬኛ!» ይላሉ፤ ተዉት፣ ይሄ የኛ ነው ማለታቸው ነው።

«እማማ፣ ህዋሶቹ ይሰማሉ ብለው ነው?»

«ኦሮምኛ የማይሰሙ ካሉ በአማርኛ አንቺ ንገሪያቸው!»

ሁለተኛው ወር አለፈ። ሦስተኛውም። እግሬ መሬት አልረግጥ አለ፤ ደረጃ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። አንድ ቀን ኃላፊዬ አስጠሩኝ። ፊታቸው የማይፈታ የፓርቲ አባል ናቸው። ስለ ማዳበሪያ የጻፍኩትን ደብዳቤ ገፋ አደረጉልኝ። መሐሉ ላይ «ተዉት፣ የኛ ነው» ይላል።

«ይሄ ምንድነው? ማዳበሪያው የማን ነው?»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ያስደነግጣል። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ አፌን ይዤ ከነሦስቱ ሐዘኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ደብዳቤውን ቀደዱት።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«አራት ሞላኝ።»

«በይ እንደገና ጻፊው። የጽሕፈት መኪናውን ግን ሌላ ሰው ያንሳልሽ።» ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጄ ጎባ ተወለደች። ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው። አማቴ «አልሀምዱሊላህ!» ብለው እልልታውን ሲያቀልጡት ነርሷ «ሌሎች በሽተኞች አሉ እኮ!» ብላ ተቆጣች፤ ወዲያው ራሷም እልል አለች። ሐኪሙ ሊያየን ገባ። «ምን አድርገውልን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ምንም። ለምን እንደጸናችልሽም አላውቅም» ብሎ ልጅቷን አቀፋት፤ እሷም ነጭ ጋውኑን አራሰችለት።